ዐፄ ገላውዴዎስ፦ ስለ ሰንበት፣ ስለ ግዝረትና ስለ ምግብ የመሰከሩ ንጉሥ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ከጣርማ በር ቁልቁል በደብረ ሲና አድርጎ የሚወርድ መንገደኛ የደጋውን ብርድ ከኋላው ትቶ ማሽላና ማሾ ወደሚበቅልበት ወደ ቀወት ቆላ፣ ወደ ሸዋ ሮቢት ይገባል። መንገዱን ወደ ሰሜን ሲቀጥል በኤፍራታ በኩል ወደ አንጾኪያ ይደርሳል። ይህ አባቶቻችን በአንድ ስም ይፋት እያሉ የሚጠሩት ምድር፣ ብዙ ሠራዊት የተመላለሰበት፣ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ጎን ለጎን የኖሩበት አገር ነው። በዚሁ በአንጾኪያ ምድር የአንድ ኢትዮጵያዊ ንጉሥ ራስ እንዳረፈ በትውፊት ይነገራል። አካላቸው በአምሐራ ሳይንት በተድባበ ማርያም፣ ራሳቸው ግን በይፋት። እኒህ ንጉሥ ዐፄ ገላውዴዎስ ናቸው።

ዐፄ ገላውዴዎስን ብዙዎቻችን የምናውቃቸው በጦር ሜዳ ታሪካቸው ነው። በዚህ ጽሑፍ ግን ሕይወታቸውን ስንተርክ ይበልጥ የምናተኩረው በሌላው ተጋድሏቸው ላይ ይሆናል። ኢትዮጵያውያን ቀዳሚት ሰንበትን ስለሚያከብሩ፣ ልጆቻቸውን ስለሚገዝሩና የእሪያ ሥጋ ስለማይበሉ ክርስቲያኖች ሳይሆኑ አይሁድ ናቸው የሚል ክስ በመጣ ጊዜ፣ የቤተ ክርስቲያናቸውን እምነት በጽሑፍ ያስረዱ ንጉሥ ናቸውና። ክሱ ዛሬም በልዩ ልዩ መልክ ይሰማል፤ ስለዚህ መልሳቸውን ማወቅ ይጠቅመናል።

በመከራ ዘመን ያደገ ልጅ

ገላውዴዎስ በ1514 ዓ.ም. ገደማ ከአባታቸው ከዐፄ ልብነ ድንግል፣ ከእናታቸው ከእቴጌ ሰብለ ወንጌል ተወለዱ። የተሰጣቸው ስም በሶርያዋ አንጾኪያ የሚታወሰው የሰማዕቱ የቅዱስ ገላውዴዎስ ስም ነው። ሕፃንነታቸውን ሳይጨርሱ አገሪቱ ወደ ከባድ መከራ ገባች። በ1521 ዓ.ም. በሽምብራ ኩሬ ጦርነት የንጉሡ ሠራዊት በኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ተሸነፈ። በ1523 ዓ.ም. እዚሁ ይፋት አጠገብ በአንጾኪያ በተደረገው ጦርነት የሸዋ በር ተከፈተ፤ በዚያው ዓመት የደብረ ሊባኖስ ገዳም ተቃጠለ። በቀጣዩ ዓመት በወርቅ ያጌጠችው መካነ ሥላሴ የእሳት እራት ሆነች።

ልጁ ያደጉት እንግዲህ በቤተ መንግሥት ድሎት ሳይሆን ከአምባ ወደ አምባ በሚደረግ ስደት ነው። ታላቅ ወንድማቸው ፊቅጦር በጦርነት ሞቱ። ሌላው ወንድማቸው ሚናስ ተማርከው ባሕር ተሻግረው ወደ የመን ተወሰዱ። አባታቸው በደብረ ዳሞ በስደት ሲያርፉ በመስከረም 1533 ዓ.ም. ገላውዴዎስ ገና ዐሥራ ስምንት ዓመት ገደማ ሳሉ ነገሡ፤ የመንግሥት ስማቸውም አጽናፍ ሰገድ ተባለ። ስሙ ትልቅ ነበር፤ በእጃቸው የነበረው ግን እጅግ ጥቂት ነበር። በዚያው ዓመት የፖርቱጋል ወታደሮች በምጽዋ ሲወርዱ ወጣቱ ንጉሥ በሸዋ ምድር ጥቂት ተከታዮችን ብቻ ይዘው ነበር።

በአይሁድ ተራራ ላይ

በክሪስቶቫዎ ዳ ጋማ የሚመሩት 400 የፖርቱጋል ወታደሮች ከእቴጌ ሰብለ ወንጌል ጋር ሆነው በትግራይ በኩል ተዋጉ። በ1534 ዓ.ም. ክረምት ግን ድል ሆኑ፤ አለቃቸውም ተማርኮ ተገደለ። የተረፉት ከእቴጌይቱ ጋር ወደ ሰሜን ተራሮች ሸሹ። በዚያም የተጠጉት የአይሁድ ተራራ ተብሎ ወደሚጠራው አምባ ነው። ይህ የቤተ እስራኤል ወገኖች የሚኖሩበት ምድር ነበር። ንጉሡም ከሸዋ ተነሥተው በዚያ ከእናታቸውና ከተረፉት ወታደሮች ጋር ተገናኙ።

ይህን ልብ ልንል ይገባል። የክርስቲያኑ መንግሥት ሊጠፋ አንድ ክር በቀረው ጊዜ መጠጊያ ያገኘው በኦሪት ሕግ በሚኖሩ ወገኖች አምባ ላይ ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ንጉሡ እኛ እንደ አይሁድ አይደለንም ብለው ሲጽፉ፣ አይሁድ የሚለው ቃል ለእርሳቸው ከመጽሐፍ ብቻ የተሰማ ስም አልነበረም። በአገራቸው የሚኖሩ፣ ሰንበታቸውን በራሳቸው ሥርዓት የሚጠብቁ ሰዎችን ያውቁ ነበር። ልዩነቱን የጻፉት እያወቁ ነው።

በየካቲት 1535 ዓ.ም. ከጣና በስተ ምሥራቅ በወይና ደጋ በተደረገው ጦርነት ኢማም አሕመድ ወደቀ፤ ሠራዊቱም ተበተነ። ንጉሡ ያን ጊዜ ዕድሜያቸው ሃያ አንድ ዓመት ገደማ ነበር።

የፈረሰውን መጠገን

ከድል በኋላ የጠበቃቸው ሥራ ከጦርነቱ የሚቀል አልነበረም። አብያተ ክርስቲያናት ፈርሰዋል፤ መጻሕፍት ተቃጥለዋል፤ ብዙ ሕዝብ በሰይፍ ፍርሃት ሃይማኖቱን ለውጧል። ዐፄ ገላውዴዎስ የተለወጡትን አላሳደዱም። በንስሐና በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት እንዲመለሱ በሩን ከፈቱላቸው። የተማረኩትን ወንድማቸውን ሚናስን በእጃቸው በነበረው በኢማሙ ልጅ ለውጠው አስመለሱ። ከእስክንድርያው የቅዱስ ማርቆስ መንበር ጳጳስ አስመጡ፤ ራሱን የኢትዮጵያ ፓትርያርክ አድርጎ ያቀረበውን ፖርቱጋላዊውን ጆዋዎ ቤርሙዴስን ግን አልተቀበሉም። ፖርቱጋሎች በደማቸው እንደረዷቸው አልዘነጉም፤ መሬት ሰጥተው አክብረው አኖሯቸው። ሃይማኖትን ግን የውለታ መክፈያ አላደረጉትም።

በዙሪያቸው ከነበሩት ሊቃውንት አንዱ አባ ዕንባቆም ነበሩ። እኒህ አባት በየመን ተወልደው ወደ ኢትዮጵያ የመጡ፣ በደብረ ሊባኖስ መንኩሰው እስከ እጨጌነት የደረሱ፣ በስደቱ ዘመን ዓንቀጸ አሚን የተባለውን መጽሐፍ የጻፉ ናቸው። በ1545 ዓ.ም. መጽሐፈ በረላምን ከዐረብኛ ወደ ግእዝ መልሰውላቸዋል። ንጉሡ ስለ ሃይማኖት ሲከራከሩ በብቻቸው አልነበሩም፤ መጻሕፍትን የሚያውቁ አባቶች አጠገባቸው ነበሩ።

ክሱ ከየት መጣ?

የፖርቱጋል ካህናት በኢትዮጵያውያን ላይ ያነሡት ክስ ምን ያህል ከባድ እንደነበር ለመረዳት በዚያ ዘመን በአገራቸው የሚሆነውን ማወቅ ያስፈልጋል። በ1489 ዓ.ም. በፖርቱጋል የነበሩ አይሁድ በግድ እንዲጠመቁ ተደርገው ነበር። በ1528 ዓ.ም. ደግሞ በዚያ አገር ኢንኩዊዚሽን የተባለው የሃይማኖት ፍርድ ቤት ተቋቋመ። ይህ ችሎት ከተጠማቂዎቹና ከልጆቻቸው መካከል በስውር የአይሁድን ሥርዓት የሚጠብቅ እንዳለ ይመረምር ነበር። ምልክቶቹም ቅዳሜን ማክበር፣ ልጅን መግዘርና የእሪያ ሥጋ አለመብላት ነበሩ። ለእነርሱ እነዚህ ሰውን እስከ እሳት የሚያደርሱ ምልክቶች ነበሩ። ኢትዮጵያ ሲደርሱ አንድ ሕዝብ በሙሉ እነዚህን ሲፈጽም አዩ።

ይህን መከራ አስቀድሞ የቀመሰ ኢትዮጵያዊ ነበር። የዐፄ ልብነ ድንግል መልእክተኛ ካህኑ ጸጋ ዘአብ በሊዝበን ለዓመታት ሲቀመጡ ከሥጋ ወደሙ ተከልክለዋል። እርሳቸውም የአገራቸውን እምነት በጽሑፍ አስረዱ። ጽሑፉን ፖርቱጋላዊው ሊቅ ዳሚያዎ ደ ጎይስ በ1532 ዓ.ም. በላቲን ቢያሳትመውም በፖርቱጋል እንዳይሸጥ ታገደ።

በአገራችን በኩል ደግሞ ጉዳዩ አዲስ አልነበረም። ስለ ቀዳሚት ሰንበት አቡነ ኤዎስጣቴዎስና ደቀ መዛሙርታቸው ብዙ ተንገላተዋል። ነገሩ የተቋጨው ከይፋት ቆላ በላይ በተጉለት ምድር፣ በደብረ ምጥማቅ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በተደረገው ጉባኤ ነው፤ ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ ተወሰነ። ዐፄ ገላውዴዎስ የወረሱት በብዙ ክርክር የተፈተነ ሥርዓት ነበር።

በ1547 ዓ.ም. ጎንሳሎ ሮድሪጌስ የተባለ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ወደ ንጉሡ መጥቶ የኢትዮጵያን ቤተ ክርስቲያን ስሕተት ያለውን የሚዘረዝር ጽሑፍ አቀረበ። ንጉሡም በዚያው ዓመት መልሳቸውን በግእዝ ጻፉ።

የንጉሡ ምስክርነት

የምስክርነቱ ጽሑፍ አጭር ነው። የሚጀምረው ከክሱ ሳይሆን ከምሥጢረ ሥላሴና ከምሥጢረ ሥጋዌ ነው። ቅድስት ሥላሴን፣ ከቅድስት ድንግል ማርያም የተወለደውን፣ የተሰቀለውን፣ የተነሣውን፣ ዳግመኛ የሚመጣውን ጌታ ይመሰክራል። በሐዋርያት መንገድና በሦስቱ ጉባኤያት፣ በኒቅያ፣ በቁስጥንጥንያና በኤፌሶን እንደሚጸኑም ያስረዳል። ንጉሡ በመግቢያው ይህ እምነት የእስራኤላውያን ነገሥታት የሆኑት አባቶቻቸው እምነት መሆኑን ይናገራሉ። ከንግሥተ ሳባና ከሰሎሞን ቤት መወለዳቸውን አላፈሩበትም፤ አልሸሸጉትም። ነገር ግን መዳናቸውን በዚያ የትውልድ ሐረግ ላይ አልመሠረቱም። የእምነታቸው መሠረት ክርስቶስ ነው፤ እስራኤላዊነታቸው የተቀበሉት አደራ ነው።

ከዚያ በኋላ ሦስቱን ክሶች በየተራ ይመልሳሉ።

ስለ ቀዳሚት ሰንበት ሲናገሩ፣ አይሁድ በዚያ ቀን ውኃ እንደማይቀዱ፣ እሳት እንደማያነዱ፣ ወጥ እንደማይሠሩ፣ እንጀራ እንደማይጋግሩ፣ ከቤት ወደ ቤትም እንደማይሄዱ ያስታውሳሉ። ኢትዮጵያውያን ግን ቀኑን የሚያከብሩት ቍርባን በማቅረብና ለድሆች ማዕድ በማዘጋጀት ነው፤ ይህም ሐዋርያት በዲድስቅልያ ያዘዙት ነው። እንዲህም ሆኖ ከእሑድ ጋር እኩል አያደርጉትም። እሑድ ጌታ የተነሣባት፣ መንፈስ ቅዱስ በሐዋርያት ላይ የወረደባት አዲስ ቀን ናትና። እዚህ ላይ ንጉሡ የለዩት ቀኑን ሳይሆን አከባበሩን ነው። አንዱ ከሥራ በመከልከል፣ ሌላው ሥጋ ወደሙን በማቅረብና የተራበውን በማብላት ይከበራል።

ስለ ግዝረት ሲመልሱ፣ በክርስቶስ ዘንድ መገዘርም አለመገዘርም እንደማይጠቅም ቅዱስ ጳውሎስ ማስተማሩን እንደሚያውቁ ይገልጣሉ (ገላ. 5፥6)። በአገራቸው የሚፈጸመው ግዝረት በኢትዮጵያና በኖባ ፊትን እንደመበጣት፣ በህንድም ጆሮን እንደመብሳት ያለ የአገር ልማድ እንጂ የኦሪትን ሕግ ለመፈጸም እንዳልሆነ ያስረዳሉ። መዳንን ከጥምቀት እንጂ ከግዝረት አይጠብቁም።

ስለ እሪያ ሥጋም እንዲሁ ነው። የማንበላው በኦሪት ሕግ ታስረን አይደለም፤ የሚበላውን አንነቅፍም፣ የማይበላውንም አናስገድድም ይላሉ፤ ቅዱስ ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት የሚበላ የማይበላውን እንዳይንቅ፣ የማይበላም በሚበላው ላይ እንዳይፈርድ አስተምሯልና (ሮሜ 14)።

ይህ መልስ ከሐዋርያት ትምህርት ጋር እንዴት እንደሚስማማ እናስተውል። በኢየሩሳሌም የተደረገው የሐዋርያት ጉባኤ ከአሕዛብ ወገን ባመኑት ላይ የግዝረትን ቀንበር አልጫነም (ሐዋ. 15)። ከዚያ በኋላ ግን ቅዱስ ጳውሎስ ራሱ እናቱ አይሁዳዊት የሆነችውን ጢሞቴዎስን ገዝሮታል (ሐዋ. 16፥3)። ግሪካዊውን ቲቶን ግን እንዲገዘር አላስገደደውም (ገላ. 2፥3)። ተግባሩ ሲለያይ ትምህርቱ አልተለያየም። ሥርዓቱ ለመዳን እንደ ግዴታ ሲቀርብ ይቃወመዋል፤ እንደ ልማድና ለሰው ጥቅም ሲሆን አይከለክለውም። ዐፄ ገላውዴዎስም የተጓዙት በዚሁ ጎዳና ነው።

ክርክሩና ፍጻሜው

በ1549 ዓ.ም. አንድሬ ደ ኦቪዬዶ የተባለው የሮም ጳጳስ ከባልንጀሮቹ ጋር ወደ ንጉሡ ደረሰ። ንጉሡ በአክብሮት ተቀበሉት፤ በፊታቸውም ክርክር ተደረገ። ራሳቸውም እየተነሡ ይመልሱ ነበር። ኃይል በእጃቸው ሳለ እንግዳውን አላሰሩም፣ አላባረሩም፤ እምነታቸውንም አልለወጡም። በ1551 ዓ.ም. ኦቪዬዶ በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ላይ የተቃውሞ ደብዳቤ እስከ ማውጣት ሲደርስ እንኳ ንጉሡ ትዕግሥታቸውን አልጣሉም።

በዚያው ዓመት ከሐረር የተነሣው ኑር ኢብን ሙጃሂድ ጦሩን ይዞ መጣ። ዐፄ ገላውዴዎስ በጥቂት ሠራዊት ገጠሙት፤ በሰሙነ ሕማማት፣ መጋቢት 27 ቀን 1551 ዓ.ም. በጦር ሜዳ ወደቁ። መጋቢት 27 ቤተ ክርስቲያናችን የጌታችንን ጥንተ ስቅለት የምታስብበት ዕለት ነው። ራሳቸው ተቆርጦ ወደ ሐረር ተወሰደና በእንጨት ላይ ተሰቀለ። አካላቸው በተድባበ ማርያም ተቀበረ። ራሳቸውን ነጋድያን ወስደው በሰማዕቱ በቅዱስ ገላውዴዎስ ስም በሚጠራው ስፍራ በአንጾኪያ እንዳሳረፉት ትውፊት ይነግረናል። ልጅ አልነበራቸውምና ከምርኮ ያስመለሷቸው ወንድማቸው ሚናስ ነገሡ።

የጻፉት ምስክርነት ግን አልተቀበረም። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአውሮፓ በግእዝና በላቲን ታትሞ የኢትዮጵያን ቤተ ክርስቲያን እምነት ሊቃውንት እንዲያነቡት ሆነ። በአገራችንም በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ቀዳሚት ሰንበት እንዳይከበር፣ ግዝረትም እንዲቀር በአዋጅ ሲታዘዝ ብዙ ደም ፈሰሰ። በ1624 ዓ.ም. ሃይማኖት ሲመለስ የተመለሰው ዐፄ ገላውዴዎስ የመሰከሩት እምነት ነው።

ከሕይወታቸው ምን እንማራለን?

በመጀመሪያ፣ ማፈር እንደሌለብን እንማራለን። ዛሬም ታቦታችንን፣ ሰንበታችንንና ጾማችንን እያዩ ከኦሪት ያልተላቀቃችሁ ናችሁ የሚሉን አሉ። መልሳችን ቁጣ ሊሆን አይገባም። ንጉሡ እንዳደረጉት ከሥላሴና ከሥጋዌ ጀምረን፣ ሥርዓቱን ለምን እንደምንፈጽም በርጋታ ማስረዳት ነው። ጌታችን ራሱ በስምንተኛው ቀን ተገዝሯል፤ ቤተ ክርስቲያናችንም ጥር 6 ቀን ግዝረቱን ታከብራለች። እመቤታችን ከዳዊት ቤት ናት፤ ሐዋርያት ሁሉ ዕብራውያን ናቸው። ሥሩን የሚያፍርበት ቅርንጫፍ ሊኖር አይችልም። ልጆቻችን ግን ለምን ብለው ሲጠይቁን የአባቶቻችን ልማድ ስለሆነ ብለን ብቻ ካለፍን፣ ንጉሡ የመለሱትን ክስ እኛው በቤታችን እውነት እናደርገዋለን። ቀዳሚት ሰንበትን ሳናስቀድስና ድሃ ሳናበላ ሥራ በመከልከል ብቻ የምንውል ከሆነም፣ ዐፄ ገላውዴዎስ እኛ እንዲህ አይደለንም ካሉት ጋር ሆነናል ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ መመካት እንደሌለብን እንማራለን። የእስራኤል ወገን ነን ማለት በራሱ አያድንም፤ ቅዱስ ጳውሎስ ከብንያም ነገድ የተወለደ ዕብራዊ ሲሆን ያን ሁሉ ስለ ክርስቶስ እንደ ጉድፍ ቈጥሮታል (ፊልጵ. 3)። ንጉሡም የነገሥታት ዘር ነኝ ብለው ጀመሩ፤ የጸኑት ግን በሐዋርያት እምነት ነው።

ሦስተኛ፣ መናቅ እንደሌለብን እንማራለን። በታሪካችን ውስጥ አይሁዳዊ የሚለው ስም ለስድብ የዋለበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። በሰሜን ሸዋ ብረት የሚቀጠቅጡ፣ ሸክላ የሚሠሩና ሽመና የሚሸምኑ ወገኖቻችን ከቤተ እስራኤል ጋር በተያያዘ ትውልድና በእጅ ሙያቸው ምክንያት ቡዳ እየተባሉ ሲገፉ፣ ከጋብቻ ሲለዩ ኖረዋል። ማረሻውን ከእነርሱ ገዝተን አርሰናል፤ በሠሩት ምጣድ እንጀራ ጋግረናል፤ በሸመኑት ነጠላ ቤተ ክርስቲያን ተሳልመናል፤ እነርሱን ግን ንቀናል። ይህ የክርስትና ሥራ አይደለም። ጌታችን በናዝሬት የጠራቢ ልጅ ተብሎ ያደገ ነው። የኦሪትን ሰንበት በክርስቶስ አክብረን እየያዝን የኦሪትን ሕዝብ ልጆች ብንጠላ፣ በእጃችን የያዝነው አደራ ይፈርድብናል። ዐፄ ገላውዴዎስ ልዩነታቸውን በግልጥ ጻፉ፤ በዚያ ጽሑፍ ግን የማንንም ደም ለማፍሰስ አልቀሰቀሱም፤ የሚበላውን አንነቅፍም፣ የማይበላውን አናስገድድም የሚለው መንገዳቸውም ለእኛ መለኪያ ይሁነን።

ከቀወት ቆላ እስከ አንጾኪያ ያለው ምድር ዛሬም ብዙ መከራ ያየ፣ ሰላም የናፈቀ ምድር ነው። በዚያ የራሳቸው ማረፊያ እንዳለ የሚነገርላቸው ንጉሥ በሰይፍ ዘመን ኖረው በሰይፍ ያለፉ ቢሆኑም፣ ለሃይማኖት ጥያቄ የመለሱት ግን በብዕር፣ በትዕግሥትና በመጻሕፍት ማስረጃ ነው። እኛም ተጠይቀን ስንመልስ እንዲሁ እናድርግ።

የአባቶቻችን ጸሎትና በረከት ከሁላችን ጋር ይሁን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።